የጣና ደንገልና የጎንደር ሊቃውንት፦ ስለ ቅኔ፣ ስለ ዝማሜና ስለ መናገር ነጻነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በበዓል ቀን ነጭ ለብሳችሁ፣ መቋሚያ ይዛችሁ፣ ከከበሮውና ከጸናጽሉ ጋር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘንበል ስትሉ ያ እንቅስቃሴ ከወዴት እንደ መጣ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን? ብዙዎቻችን ከቅዱስ ያሬድ ዘመን ጀምሮ አንድም ሳይለወጥ እንደ ደረሰን እንቈጥረዋለን። ዜማው የያሬድ መሆኑ እርግጥ ነው። ከዝማሜው ስልቶች አንዱ ግን፣ ያውም ዛሬ በብዙ አድባራት የምናየው፣ ዕድሜው ሁለት መቶ ዓመት አይሞላም። በተጀመረ ጊዜም ጎንደር «እንግዳ ነገር ነው» ብላ መለሰችው።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት በዘመናችን ስለ ጥበብ ሰዎችና ስለ መናገር ነጻነት በሚደረገው ክርክር ምክንያት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1948 ያጸደቀው ሁለንተናዊ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በ19ኛው አንቀጹ ሰው ሁሉ ሐሳብ የመያዝና የመግለጽ መብት እንዳለው ይናገራል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ይከለክላል። ወጣቶቻችን ስለዚህ ነገር ሲከራከሩ ምሳሌ የሚጠቅሱት ከሩቅ አገር ነው፤ ነገሩ ሁሉ ከውጭ የመጣ፣ ለቤተ ክርስቲያን ባዕድ የሆነ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ክርክሩ በገዛ ቤታችን፣ በማኅሌቱ መካከል እንደ ነበረ ላሳያችሁ እወዳለሁ። ደግሞም ሁልጊዜ እኛን የሚያስመሰግን ሆኖ አልተገኘም።

መጀመሪያ ስለ ቅኔ ጥቂት እንበል። ጎንደር በዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከተቈረቈረች በኋላ የነገሥታት መቀመጫ ብቻ አልሆነችም፤ የመጻሕፍት ትርጓሜና የአቋቋም መዲናም ሆነች። ቅኔን ከጎጃም ጉባኤ ቤቶች ቀጽለው የመጡ ሊቃውንት በአድባራቷ ተሰበሰቡ። የቅኔን ልማድ አስተውላችሁ እንደ ሆነ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለው። ባለ ቅኔው የሚያቀርበው ለዕለቱ የተቈጠረ አዲስ መሆን አለበት፤ ትናንት የተባለ አይደገምም። ሁለት ቤት ያለው ጉባኤ ቃናም ይሁን ስምንት ቤት ያለው መወድስ፣ ከባለ ቅኔው አፍ ሳይወጣ በፊት የሚመረምረው ሹም የለም። ፍርዱ የሚመጣው ከተነገረ በኋላ ነው። ምሥጢሩ ከሞላ ሊቃውንቱ «ይበል!» ይላሉ፤ ቤቱ ከጎደለ፣ ስልቱ ከተሰበረ፣ ወይም ሰሙና ወርቁ ካልተጋጠመ እዚያው ይታረማል። ዛሬ ሕግ ዐዋቂዎች «ቅድመ ምርመራ» የሚሉት በቅኔ ቤት ቦታ አልነበረውም። ተጠያቂነት ግን ነበረ፤ ያውም በጓደኞች ፊት፣ ለዕድሜ ልክ የሚያሳፍር ተጠያቂነት።

በዚህ ምክንያት «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር ንጉሡ በተቀመጠበት ማኅሌት ስለ ድኻ እንባ፣ ስለ ጉቦኛ ዳኛ፣ ስለ ባዶ ጎተራ የሚናገር ሰው ተገኘ። ሰሙ የዕለቱን ቅዱስ ያመሰግናል፤ ወርቁ ሹሙን ይወጋል። የተወጋው ሹም ቢቈጣ «የወጋኝ እኔን ነው» ብሎ ማመን ሊኖርበት ነው። ስለዚህ ዝም ማለት ይሻለው ነበር።

ይህ መንገድ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ቅዱስ መጽሐፍም ያውቀዋል። ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት በገባ ጊዜ የኦርዮንን ስም አልጠራም። አንዲት በግ ስላለችው ድኻና ብዙ መንጋ ስላለው ባለጸጋ ተረከለት። ንጉሡ ተቈጥቶ በባለጸጋው ላይ ከፈረደ በኋላ ነው ናታን ሰሙን ገፎ ወርቁን ያሳየው (2ኛ ሳሙ. 12)። ልብ በሉ፤ ነቢዩ በሰሙ ተሸሽጎ አልቀረም። አንዳንዶች የቅኔን ጥበብ «በሽፍንፍን መናገር» አድርገው ሲያወድሱት እሰማለሁ። ሽፍንፍኑ በር ነው እንጂ ቤት አይደለም። ገልጦ የተናገረም አለን፤ ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በቍስጥንጥንያ መንበር ተቀምጦ የቤተ መንግሥቱን ቅንጦት በመገሠጹ ንግሥት አውዶክስያ ጠላችው፤ እ.ኤ.አ. በ407 በስደት መንገድ ላይ ዐረፈ። ከንጉሥ ጋር የተባበሩ ጳጳሳትም ነበሩ በዚያ ስደት ውስጥ። ይህን የምላችሁ እውነት ተናጋሪን የሚያሳድደው ቤተ መንግሥት ብቻ እንዳልሆነ አስቀድማችሁ እንድታውቁ ነው።

አሁን ወደ ጎንደር በዓታ ለማርያም እንግባ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚህ ደብር ያገለገሉት አለቃ ገብረ ሐና የፎገራ ሰው ናቸው፤ ትውልዳቸው ከጣና ምሥራቃዊ ዳር፣ ናበጋ ጊዮርጊስ ነው። ሕዝቡ የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው። በየሠርጉና በየዝክሩ «አለቃ እንዲህ አሉ» የማይባልበት ቦታ የለም። ይህ ዝና ግን በደላቸው። ሊቅነታቸውን ሸፈነው። አለቃ የአቋቋም መምህር፣ የቅኔ አዋቂ፣ ፍትሐ ነገሥትን የተማሩ ሰው ነበሩ። በስማቸው ከሚነገሩት ቀልዶችም ብዙዎቹ የእርሳቸው ለመሆናቸው ማረጋገጫ የላቸውም። እኔ እንደሚመስለኝ ሕዝቡ ራሱ ሊናገር የፈራውን በእርሳቸው አፍ አኖረው። «እኔ እንዲህ አልሁ» ያለ ይታሰራል፤ «አለቃ እንዲህ አሉ» ያለ ግን ያስቃል። አንድ ሊቅ ለማያውቁት ሰው ሁሉ ጥላ ሆነው ኖሩ ማለት ነው፤ ከሞቱም በኋላ።

ሊቃውንቱ እየተቀባበሉ የሚያወርሱት ታሪክ እንዲህ ይላል። አለቃ አንደበታቸው ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር አላስማማቸው ብሎ ከጎንደር ርቀው ወደ ጣና ደሴት፣ ወደ ሬማ መድኃኔ ዓለም ሄዱ። በዚያ ሲኖሩ የሐይቁን ሞገድ ተመለከቱ፤ ሞገዱ ሲመጣ በዳር የበቀለው ደንገል አብሮ ዘንበል ይላል፤ ሞገዱ ሲመለስ እርሱም ይመለሳል። አይሰበርም፤ ከሥሩም አይነቀልም። በጎንደር የለመዱት ዝማሜ መቋሚያውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያነሣና የሚያወርድ ነበር። አለቃ ሰውነቱም መቋሚያውም እንደዚያ ደንገል ወደ ጎንና ወደ ጎን የሚሄድበትን ስልት አወጡ። ለልጃቸው ለተክሌም አስተማሩት።

ጣናን ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ታንኳውም ከዚያው ደንገል ነው የሚሠራው። ሺህ ጊዜ የታየውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየ ሰው ማየት የጥበብ ሰው ሥራ ነው። አለቃ ከውጭ ያመጡት ምንም ነገር የለም። ዜማው ያው፣ ድጓው ያው፣ መቋሚያውም ያው ነው። የጨመሩት የዓይናቸውን ምስክርነት ነው።

የጎንደር ሊቃውንት ግን አልተቀበሉም። ከአባቶች ያልተረከብነውን በማኅሌት መካከል አናስገባም አሉ። በእነርሱ ላይ ለመፍረድ አትቸኩሉ። እነዚህ ሰዎች ያሬዳዊውን ዜማ ከቃል ወደ ቃል፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲያቀብሉ የኖሩ ናቸው። መቅጃ መሣሪያ በሌለበት ዘመን አንድ ምልክት ቢለወጥ ወደ ቀድሞው የሚመልሰው የለም። «ዛሬ መቋሚያው ወደ ጎን ሄደ፤ ነገ ዜማውስ ወዴት ይሄዳል?» ብለው ቢፈሩ ፍርሃታቸው የጠባቂ ፍርሃት ነበር። ሆኖም ሌላውም እውነት አለ። በቅኔ አደባባይ ንጉሥን የሚወጋውን ሰው «ይበል!» ይሉ የነበሩት እነዚያው ሊቃውንት በገዛ ሥርዓታቸው ላይ አዲስ ነገር ሲመጣባቸው በሩን ዘጉ። የሌላውን ዙፋን መንካት ቀላል ነው፤ የራስን ወንበር ማስነካት ግን ይከብዳል። ዳዊት በታቦቱ ፊት ሲዘል በመስኮት አይታ የናቀችው ሜልኮል ከቤተ መንግሥት እንጂ ከአሕዛብ ወገን አልነበረችም (2ኛ ሳሙ. 6)።

ተክሌ የአባቱን ስልት ይዞ ወደ ደብረ ታቦር ሄደ። በደብረ ታቦር ኢየሱስ ጆሮና ዓይን አገኘ። ትምህርቱ ተተከለ፤ ጉባኤ ዘረጋ፤ ምስክር ሆነ። ዛሬ የአቋቋሙ ስልቶች ሲቈጠሩ ከጎንደር፣ ከአጫብርና ከሳንኳ ጋር «ተክሌ» ተብሎ በልጁ ስም ይጠራል። ከአባትየው ይልቅ የልጁ ስም መቅረቱ ይገርመኛል። ምናልባት የአለቃን ስም ቀልዱ ቀድሞ ወስዶት ይሆናል። በዓታ ለማርያምም የቀድሞውን የጎንደር አቋቋም እስከ ዛሬ ጠብቃ ታስመሰክራለች። ስለዚህ ነገሩ አንዱ አሸንፎ አንዱ የጠፋበት አይደለም። ደብረ ታቦርና ጎንደር በመቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ተለያይተው ሁለቱም ያመሰግናሉ። የተከለከለው ሰው የሚሄድበት ሌላ ደብር መኖሩ ለጥበቡ ሕይወት ሆነው። ሁሉ በአንድ አለቃ፣ በአንድ ማኅተም ሥር ቢሆን ኖሮ ተክሌ የት ይደርስ ነበር?

በትርጓሜ መጻሕፍትም እንዲህ ያለ ነገር በጎንደር ቀድሞ ሆኗል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መምህር ኤስድሮስ የአንድምታውን ትርጓሜ መርምረው ባቃኑ ጊዜ ተማሪው «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» ተብሎ ተከፈለ። ክርክሩ ጽኑ ነበር። ቢሆንም በአንድ ከተማ ሁለት ቤት ሆነው አስተማሩ፤ አንዱ ሌላውን በእሳት አላጠፋም። የኤስድሮስ ወገን የሆነው ታች ቤት በኋላ በሰፊው ተሰራጨ። «አንድም» የምትለው ቃል ራስዋ ምን ያህል ሰፊ እንደ ሆነች አስቡ፤ መተርጕሙ የራሱን ካለ በኋላ ለሌላው ትርጕም ወንበር ይለቅቃል።

እሳቱ የመጣው ከሌላ በኩል ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በቤተ ክርስቲያን መሬትና በካህናቱ ቍጥር ነገር ከሊቃውንቱ ጋር ተጣሉ። ለአንድ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል ሲሉ ደብተራው የት ይግባ? ጠቡ እየከረረ ሄዶ በ1859 ዓ.ም. ንጉሡ ጎንደርን በዘበዙ፤ አብያተ ክርስቲያናቷም ተቃጠሉ። መጻሕፍቷ ወደ መቅደላ ተጫኑ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሲሞቱ የእንግሊዝ ጦር ከዚያ ያገኘውን ሁሉ ወሰደ፤ ዝርፊያውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተጽፏል። 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ለንደን ቤተ መጻሕፍት ገቡ። ቴዎድሮስን የምወድ ሰው ነኝ፤ አንድነታችንን ስላሰበ እወደዋለሁ። ነገር ግን የጎንደርን መጽሐፍ ለማንበብ ተመራማሪያችን ቪዛ የሚለምነው ንጉሥና ሊቅ መነጋገር ስላቃታቸው መሆኑን አልክድም።

ቅኔው በግዕዝ ነበርና ወርቁን የሚያወጣው የተማረው ነው። ገበሬው፣ ሸማኔው፣ ገበያተኛዋ ሴት የሚሰሙት አዝማሪውን ነበር። ነገሥታቱም ያውቁት ስለ ነበር «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቃሉ። በቤተ ክርስቲያን ስለ አዝማሪ የምንናገረው ብዙ ጊዜ በንቀት ነው፤ የመጠጥ ቤቱን ብቻ ስለምናይ። እስቲ ጠላት እንዴት እንዳየው ተመልከቱ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦንብ ከተጣለ ከአንድ ወር በኋላ፣ መጋቢት 10 ቀን፣ ይኸው ሰው ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ያሉ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ትንቢት ተናጋሪዎች ተይዘው እንዲገደሉ ማዘዙን አስታወቀ፤ እስከዚያ ቀን 70 ሰዎች ተገድለው ነበር። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። መነኩሴውና አዝማሪው በአንድ ጠላት መዝገብ ጎን ለጎን ተጻፉ። መትረየስና አውሮፕላን ያለው መንግሥት ማሲንቆ ፈራ! በዚያ ዘመን ጎንደር የጣልያን «አማራ» ግዛት ዋና ከተማ ነበረች፤ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. የመጨረሻው የጣልያን ጦር እጁን የሰጠውም በእርሷ ነው።

ከዚያ በኋላ ማተሚያ ቤቱ የማኅሌቱን ቦታ ወሰደ፤ ከማተሚያው ጋር ሳንሱር መጣ። የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 የንግግርና የጽሕፈት ነጻነትን «በሕግ መሠረት» ፈቅዶ ነበር፤ መጽሐፉ ግን ከመታተሙ በፊት መርማሪ ይጠብቀዋል። ቅኔ ቤት ያልነበረው ነገር ይኸው ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያሳደገው አቤ ጉበኛ «አልወለድም» የሚለው መጽሐፉ ታገደበት፤ እርሱም ወደ ጎሬ ተግዞ ታሰረ። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን ባሳተመ በዓመቱ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ወጥቶ አልተመለሰም። የጎንደሩ ተወላጅ ብርሃኑ ዘርይሁን በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ እንባ»ን ሲጽፍ ስለ ሞተ ንጉሥ ነው የተናገረው። እንደ እኔ ንባብ ግን በዘውድ ዘመን ስለ ዘውድ ለመናገር የአንድ መቶ ዓመት ርቀት ጥሩ ሰም ነበር።

አንድ የራሴን ነገር ልጨምርና ላብቃ። በወጣትነቴ በአንድ ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት የግድግዳ ጋዜጣ እናዘጋጅ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ስለ ሙዳየ ምጽዋት ግጥም ጻፈ፤ ገንዘቡ ሲገባ እንጂ ሲወጣ አይታይም የሚል። እሑድ ጠዋት ተለጠፈ፤ ከቅዳሴ በኋላ ተቀድዶ አገኘነው። የቀደደውን ሰው ሁላችንም ዐወቅን፤ ማንም አልተናገረም። እኛም ተቈጥተን ሁለተኛ፣ ከፊተኛው የባሰ ስድብ ያለበት ግጥም አዘጋጀን።

የቅኔ መምህራችን አስጠሩን። ሁለቱንም ግጥሞች ጮክ ብለን እንድናነብ አዘዙን። ፊተኛውን ሰምተው ዝም አሉ። ሁለተኛውን ሲሰሙ «ልጆቼ፣ ይኸ ሰሙም የለው፣ ወርቁም የለው፤ ቍጣ ብቻ ነው» አሉን። ቀጥለውም «ፊተኛው እውነት ነው፤ የቀደደውም ሰው በድሏል፤ ነገር ግን እናንተ የምትሉትን ታውቁታላችሁን? ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ? ቍጥሩን ይዛችሁ ኑና እኔ ራሴ በሰበካ ጉባኤው ፊት አብሬያችሁ እቆማለሁ» አሉ።

ቍጥሩን ለማግኘት ሦስት ወር ፈጀብን። መምህሩም ቃላቸውን ጠበቁ፤ በመቋሚያቸው ተደግፈው ከኋላችን ቆሙ። ግጥሙ ተመልሶ ተለጠፈ፤ ከሥሩም የዓመቱ ገቢና ወጪ በእጅ ጽሑፍ ተጽፎ።

ይቆየን።